ሓዋና የዘነቡ እግር

ሓዋ በዚህ ዓለም አጥብቃ የምትጠላው ነገር ቢኖር ምላጭ ነው። የቤት ኪራይ ሲጨመርባት «አላህ ያውቃል» ብላ ታልፋለች፤ አውቶቡስ ቢያመልጣትም አትበሳጭም። ነገር ግን አንዲት ሴት አልጋዋ ላይ ተጋድማ እግሯ በምላጭ የተላጨ ሆኖ ከተገኘ የዚያን ቀን ጉድ ፈላ። «ጸጉሩ ምን በደለሽና ነው አንገቱን የምትቆርጪው?» ትላለች መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ። «አንቺ ላዩን ትቆርጫለሽ፣ ሥሩ ቁጭ ብሎ ይስቅብሻል። ሂጂና አሳድገሽው ነይ!» እንዲህ ብላ ደንበኛዋን ሳትሠራ ትመልሳታለች። የተመለሰች ሁሉ ታኮርፋለች፤ ካኮረፉት አብዛኞቹ ደግሞ ከወር በኋላ አሳድገው ይመጣሉ።

የሴቶችን የገላ ጸጉር የምትነቅልባት ክፍሏ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ሹሩባ ቤት ጀርባ ናት። መስኮት የላትም። አንድ አልጋ፣ አንድ የሰም ማሞቂያና ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ማራገቢያ፣ ያለው ይኸው ነው። ሓዋ ስድሳውን አልፋለች፤ ከሳን ፓብሎ በአውቶቡስ ትመላለሳለች። ከረን ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ሰባተኛ ሰፈር አድጋ፣ ሙያውን የለመደችው ግን ካርቱም ነው፤ ሙሽሮችን በሃላዋ ከምታሰናዳ አንዲት ሱዳናዊት ዘንድ። ሃላዋው ስኳርና ሎሚ ተፈልቶ፣ እስኪለጠጥ ተሽቶ፣ ገላ ላይ ተለጥፎ የሚላጥ ነገር ነው። አሜሪካ መጥታ ላይሰንስ ስታወጣ በሰም ለወጠችው እንጂ እጇ ያው የካርቱሙ እጅ ነው።

ጥበቡ ብዙ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ጸጉሩ የሩዝ ፍሬ እስኪያክል ይጠበቃል፤ ካጠረ ሰሙ አይዘውም፣ ከረዘመ ያማል። ቆዳው ያን ቀን ቅባት አይነካውም፤ ዱቄት ይነሰነስበታል። ሰሙ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ በስሱ ይቀባል፣ ጨርቅ ይለጠፍበታል፣ ቆዳው በአንድ እጅ ይወጠራል፣ ከዚያ በተቃራኒው ቆዳውን ታክኮ አንዴ ላጥ ነው። ወደ ላይ የሚስብ ሰው ጸጉሩን ይበጥሰዋል እንጂ አይነቅለውም። ሓዋ ከሁሉ የምትኮራው ግን ከዚያ በኋላ ባለው ነው፤ ጨርቁ እንደተነሳ መዳፏን ቆዳው ላይ ትጭነዋለች፣ ሕመሙ እዚያው መዳፏ ሥር ይበርዳል። ሴቶቹ ከሄይዋርድ ድረስ የሚመጡት ለዚያ መዳፍ ነው። «ምላጭ ሳታስነኪ፣ ወርሽን ሳታዛንፊ ለዓመታት ከመጣሽልኝ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ይተውሻል» ትላቸዋለች። ያላመነች ካለች ደግሞ «ዘነቡን አታውቂያትም እንዴ?» ብላ ትመልሳለች።

ዘነቡ የሓዋ ማስረጃ ናት። ዩኒየን ሲቲ ትኖራለች፤ ሥራዋ ሳን ሆዜ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ባሏ ጥሏት ከሄደ ገና ነበር። እግሯ በምላጭ ተቆራርጦ፣ ቀልቶ፣ ጸጉሩ ቆዳ ውስጥ እየታጠፈ አቁስሏት ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ አፍሬ ነው» እያለች ሱሪዋን ይዛ ቆመች። «ሱሪሽን አውልቀሽ ፊቴ ልትጋደሚ ነው፣ ምን እርስዎ ትይኛለሽ! ሓዋ በይኝ» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሓዋ ሆነች፤ እየቆየ ሓዋዬ። ሓዋ ልጅም እህትም የላትም። በፋሲካ ዩኒየን ሲቲ ትሄዳለች፣ ሥጋውን አትቀምስም እንጂ ሲስቁ አብራ ትውላለች፤ ዘነቡ ደግሞ በኢድ ሳን ፓብሎ መጥታ ሰሐን ስታጥብ ታመሻለች። ዝምድናቸው እንዲህ ሆነ።

በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ሆነው አያውቁም። ዘነቡ ገና እንደተጋደመች ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ደሴ፣ እናቷ ዘንድ ትደውላለች። እናቷ እማማ አስካለ ይባላሉ። «ደግሞ እዚያች ሴትዮ ጋ ነሽ? መገሽለጥ ያማረሽ ልጅ!» ይላሉ። ጨርቁ ላጥ ሲል ዘነቡ «እማዬ!» ብላ ትጮኻለች፤ እሳቸው ከደሴ «አለሁ!» ይላሉ። ላጥ፣ «እማዬ!»፣ «አለሁ!»። ሓዋ በሳቅ ትፈርሳለች። «አንቺ ሓዋ፣ ቀስ አድርጊያት እንግዲህ፤ አንዲት ሴት ልጄ ናት» ይሏታል። የራሷን እናት ከቀበረች ብዙ ዘመን የሆናት ሓዋ «እሺ እማማ» ስትል ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ይሆን ነበር። ፊታቸውን በአካል አይታ አታውቅም፤ ትወዳቸው ነበር።

ዘነቡ ከብዙ የብቸኝነት ዘመን በኋላ ህዝቅያስን አገኘች። ሚስቱ የሞተችበት፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ደግ ሰው ነው። ሠርጉ ቅዳሜ እንዲሆን ተቆረጠ። ሓዋ ወሬውን እንደሰማች እልል ብላ ወደ ኋላ ቆጥራ ሐሙስን መረጠች። ሐሙስ ከተሠራ ቅላቱ ለቅዳሜ ይጠፋል፤ ልስላሴው ደግሞ ከጫጉላው አልፎ ይሄዳል። «ከእግር ጥፍርሽ እስከ አንገትሽ ነው የማሰናዳሽ» አለቻት። «ስጦታዬ ነው፤ እምቢ ካልሽ እንጣላለን።»

የዚያው ሳምንት ማክሰኞ የዘነቡ ታላቅ ወንድም እስክንድር የክፍሏን በር አንኳኳ። የሴቶች ቦታ ነውና ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም። ገብቶ ማራገቢያውን ማየት ጀመረ።

«እትዬ ሓዋ፣ እማዬ አረፈች» አለ።

ሓዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ዘነቡስ?»

«አልሰማችም። እሑድ ነው ያረፈችው፤ ትናንት ተቀበረች። ከእድራችን ሰብሳቢ ከአቶ ወልደ ሚካኤልና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማከርን። ሠርጉ ይለፍ፣ ሰኞ ማለዳ እናረዳታለን ብለናል። እንግዳው ከየስቴቱ ቲኬት ቆርጧል፤ ደግሞ እማዬ ራሷ ይህን ቀን ስትለምን ነው የኖረችው። ለሁሉም ሰው ኮል አድርጌያለሁ፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። የደሴን ስልክ ኔትወርክ የለም ብያታለሁ። ሐሙስ እርስዎ ጋ አፖይንትመንት እንዳላት ሰማሁና ፊትዎ ላይ እንዳታነብብዎት ብዬ ነው የመጣሁት።»

እኛ ዘንድ ሞት በድንገት አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ የምትወድቀዋን የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው መርዶ የሚነገረው። ሓዋም ይህን አምናበት የኖረች ሴት ናት፤ ለስንቱ መርዶ ማልዳ ተነስታለች። ስለዚህ «እሺ» አለችው። እስክንድር ከወጣ በኋላ ነው ምን እሺ እንዳለች የገባት። ሌላው ሰው ዝም የሚለው ከሩቅ፣ በስልክና በአዳራሽ ነው፤ እሷ ዝም የምትለው የዘነቡን ራቁት ገላ በሁለት እጇ ይዛ ነው። ብትነግራት ሠርጉ ይፈርሳል። ባትነግራት ደግሞ ያቺን ልጅ ልታጣት ነው። ታምሜያለሁ ልበላት ብላ አሰበች፤ ታዲያ ማን ሊያሰናዳት ነው? ሁለቱንም ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ሐሙስ ዘነቡ እየዘፈነች ገባች። የሓዋን ትእዛዝ አንዱንም አላጓደለችም፤ ጸጉሩ ልክ የሩዝ ፍሬ ያህላል፣ ቆዳዋ ደረቅ ነው። ተጋደመችና ስልኳን አየት አድርጋ ተነፈሰች።

«እማዬን ይኸው ከእሑድ ጀምሮ አላገኘኋትም። ኔትወርክ ነው ይላል እስክንድር። ባንቺ ስልክ እስኪ ትራይ አድርጊልኝ፤ የኔ ካርድ ይሆናል ፕሮብሌሙ። ድምፅዋን ሳልሰማ ዋክስ አድርጌ አላውቅም እኮ!»

ሓዋ ጓንቷን አወለቀች። ስልኳን አነሳች። ጀርባዋን ለዘነቡ ሰጠች፤ ቁጥሩን ሳትነካ ጥቁሩን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች። ማራገቢያው ያጉረመርማል።

«አይጠራም» አለች።

«አንዴ ድገሚው፣ ሓዋዬ።»

ደግማ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «አይጠራም፣ ዘኒዬ።»

«እሺ ግድ የለም። ሰኞ ሰኞ ኔትወርኩ ደህና ነው። ቪዲዮውን ሁሉ አሳያታለሁ።»

ሓዋ ሰሙን በእንጨቱ አንስታ ቀባች፣ ጨርቁን ለጠፈች፣ ቆዳውን ወጠረች፣ ላጠች። «እማዬ!» አለች ዘነቡ፣ ልማድ ሆኖባት። ክፍሉ ዝም አለ። ዘነቡ በራሷ ሳቀች። «አሁን ማን ሊመልስልኝ ነው!» አለች።

ሓዋ መዳፏን እንደጫነች ማንሳት አቃታት። እንባዋ ከመነጽሯ ሥር ወርዶ እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አለ፣ ከዚያም የዘነቡ ቅልጥም ላይ። ዘነቡ ብድግ አለች።

«ሓዋዬ! ምን ሆንሽ?»

«ሙሽራ ሆነሽ ሳይሽ ነው» አለች ሓዋ። ውሸቱ እንዴት እንደወጣላት እሷም አላወቀች።

ዘነቡ ዱቄት እንደተነሰነሰባት ተነስታ አቀፈቻት። ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ፤ ባገባም አልጠፋብሽም እኮ» እያለች አባበለቻት። ሓዋ እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የዚያን ቀን የሠራችው ሥራ በዕድሜዋ ከሠራችው ሁሉ የተሻለ ነበር፤ ሌላ የምትሰጣት ነገር ስላልነበራት እጇን ሰጠቻት። አንዲት ጸጉር አላመለጠቻትም።

ቅዳሜ ተሠረገ። ዘነቡ አምሮባት እስኪደክማት ጨፈረች። የሚያውቁት ሁሉ ከፊቷ ሲስቁ ቆይተው ተራ በተራ ወደ መጸዳጃ ቤት እየሄዱ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ሰው አንዱን ለማዳን ብሎ ሲተባበር ጭካኔውም እንዲህ ይተባበራል። ሓዋ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ጉልበቴን አሞኛል አለች።

ሰኞ ማለዳ ዩኒየን ሲቲ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው የዘነቡን ደጃፍ ሞላው። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፣ በሌሊት ልብሷ፣ ኩሏ ገና ዓይኗ ላይ ነው። አቶ ወልደ ሚካኤልን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ከኋላ ሓዋን አየች። የተናገረ ሰው ሳይኖር ገባት።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። «እማዬ! እማዬ!»

ወደቀች። ልብሷ ከጉልበቷ በላይ ተሰብስቦ እግሯ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ፤ ልስልስ ያለ፣ የሚያበራ፣ የሙሽራ እግር። ሓዋ የእጇን ሥራ አየችና ነጠላዋን አውልቃ ልትሸፍነው ጎንበስ አለች። መዳፏ ቅልጥሙን ሲነካው ዘነቡ ጩኸቷን አቆመች። ያን መዳፍ ታውቀዋለች። ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

ሓዋ ነጠላውን በሌላ እጇ እግሯ ላይ ዘረጋችላት።

«ደውለሽላት ነበር እኮ። ድገሚ ስልሽ ደግመሽ ደወልሽ።» ይህን ብላ እግሯን ከመዳፏ ሥር ሳበች።

በለቅሶው ሰሞን ሓዋ በየቀኑ ትመላለስ ነበር። ዘነቡ ኩሏን ታጥባ፣ የጥፍሯን ቀለም አስለቅቃ፣ ጸጉሯን ፈታ፣ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች። ሓዋ ስትገባ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክሞዎታል» ትላታለች፣ ለማንኛዋም እንግዳ ሴትዮ እንደምትለው። ሓዋ ይህን ሰምታ አውቶቡስ ውስጥ ስታለቅስ ትሄዳለች። ከአርባው በኋላ ዘነቡ ስልክ ማንሳት ተወች። ህዝቅያስ ግን ያነሳል፤ «ደህና ናት፣ ጊዜ ይስጧት» ይላል፣ ሌላ ምን ይበል።

የሚያንገበግበው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይቅር ማለቷ ነው። ወንድሟን ይቅር አለችው፣ ሽማግሌዎቹን ይቅር አለቻቸው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይቅር ተባለ። እስክንድር አፍሮ ሊያስታርቅ ቢሞክር «ሌሎቻችሁ ዝም አላችሁ፤ ስልክ አንስታ የደወለችልኝ እሷ ናት» አለችው። ይህም ለሓዋ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቿ «እውነት ጨርሶ ይተዋል?» ሲሏት «ይሳሳል» ትላለች እንጂ የዘነቡን ስም አታነሳም። ምላጭ የነካውንም እግር ሳትቆጣ መሥራት ጀመረች። ሹሩባ የምትሠራዋ ወጣት «እትዬ ሓዋ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» ብላ የጠየቀቻት በዚህ የተነሳ ነው።

የእማማ አስካለ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ዘነቡ ቀጠሮ ሳትይዝ ገባች። ጥቁሩን አውልቃለች። ከስታለች። በሩን ዘጋችና አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

ሓዋ ሰላምታ እንኳ ረሳች። ቸኩላ ማሞቂያውን አበራች። ዓመት ሙሉ ያደገ ጸጉር ነው፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ ይሆናል፣ ግድ የለም፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን፣ አሁንም ዓመታት ይፈጃል፣ በየወሩ ትመጣለች፤ ይህን ሁሉ በልቧ አለች።

ዘነቡ የሱሪዋን እግር እስከ ጉልበቷ ጠቀለለች።

እግሩ ልስልስ ያለ ነው። ሓዋ መጀመሪያ ምላጭ መሰላት፤ ጎንበስ ብላ ጣቷን አስኬደችበት። የሚሻክር የለም። እዚህም እዚያም እንደ ሕፃን ጸጉር የሳሳ አንድ ሁለት ነገር፣ ሌላ የለም።

«ምላጭ አላስነካሁትም» አለች ዘነቡ። «ምንም አላደረግኩትም።»

ሓዋ ቀና ለማለት ፈራች።

«ኩሉን ታጠብኩ» አለች ዘነቡ። «የጥፍሬን ቀለም አስለቀቅኩ፣ ሹሩባዬን ፈታሁ። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና የተዋብኩትን ሁሉ ከላዬ ላይ አወረድኩት። ይሄ ብቻ ቀረ። ያድጋል ብዬ ጠበቅኩ። ሻወር በገባሁ ቁጥር እጄ ይነካዋል፣ ያን ሐሙስ ይዤ ነው የምታጠበው። ዓመት ሙሉ በሙሽራ እግር አለቀስኩ፣ ሓዋ። ሥራሽ ጥሩ ነው።»

«ዘነቡ...»

«ያን ቀን ያለቀስሽው ለማን ነበር?»

«ለሳቸው» አለች ሓዋ።

«እኔ እኮ አባበልኩሽ። ለእናቴ ለቅሶ፣ አንቺን አይዞሽ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ሓዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ አልጋው ሥር። «አልደወልኩም» አለች። «ያን ቀን ቁጥሩን አልነካሁትም። ባዶ ስልክ ነው ጆሮዬ ላይ ያደረግኩት። ‹አለሁ› የሚሉ መስሎኝ ፈራሁ።»

ዘነቡ ቁልቁል አየቻት። «ይሄ የተሻለ ነው ብለሽ ነው የምትነግሪኝ?»

«አይደለም። ሌላ ያልነገርኩሽ ነገር እንዳይኖር ነው።»

ማሞቂያው ክሊክ አለ፤ ሰሙ ደርሷል። ዘነቡ የሱሪዋን እግር ቀስ ብላ አወረደች። ሓዋ ጫፉን ያዘች። «በየወሩ ነይ» አለቻት። «አትናገሪኝ ካሻሽ። ዝም ብለሽ ተጋደሚ፣ ዝም ብዬ እሠራሻለሁ።»

«ምኑን ትሠሪዋለሽ?» አለች ዘነቡ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የደከማት ሰው ድምፅ ነው። «የሚነቀል የለም እኮ። ጨርሰሽዋል።»

ጎንበስ ብላ የሓዋን ግንባር ሳመች፣ እንደ መሰናበቻ፣ እናም ወጣች። ሓዋ የሹሩባ ቤቱ በር ሲዘጋ ሰማች።

ከመሬት ለመነሳት አልጋውን መደገፍ ነበረባት። ስልኳን ከኪሷ አወጣች። የእማማ አስካለ ቁጥር እዚያው አለ፤ ዘነቡ ራሷ ናት ድሮ ስልኳ ላይ የመዘገበችላት። ሓዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደወለችላቸው። እንደዚያ ቀን ጀርባዋን ሰጥታ ሳይሆን፣ ባዶው አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ስፒከር ላይ አድርጋ። የአንዲት ሴት ድምፅ ቁጥሩ አገልግሎት እንደማይሰጥ በአማርኛ ነገራት፣ በእንግሊዝኛም ደገመው። ሓዋ እስኪያልቅ አዳመጠችው። ከዚያ ማሞቂያውን አጠፋች።